እንስሳትን መምሰል ለሰው ሰውነት ምን ያስተምራል?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የሚነገረውም የሚሠራውም በርክቷል። የኮሪደር ልማቱ ሰፋ ያሉ የእግረኛ መንገዶችን ይዞ መጥቷል፤ ማስ ስፖርት ሕዝቡን በማለዳ ወደ አደባባይ ያወጣል፤ ጂሞችም ወጣት አላጡም። ከዚህ ጎን ለጎን ወጣቶች በስልክ የሚቀባበሉት ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ አለ። ሰዎች በእጅና በእግራቸው መሬት ይዘው እንደ ነብር ሲያደቡ፣ እንደ ዝንጀሮ ሲዘሉ፣ እንደ ፈረስ ሲጋልቡ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች በቲክቶክ ላይ ይዘዋወራሉ። ታላላቆች ይህንን ሲያዩ «ሰው ሆኖ ተፈጥሮ ወደ እንስሳነት መውረድ ምን ይሉታል?» ብለው ይቆጣሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ወይ ይስቁበታል፣ ወይ ሰው በሌለበት ይሞክሩታል።

ቁጣውም ሳቁም ዋናውን ጉዳይ የሳቱ ይመስለኛል። ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መቶ ሜትርን በእጅና በእግሩ ሮጦ በ15.71 ሰከንድ በመጨረስ በጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይህ የሚደነቅ ብርታት ነው፤ ነገር ግን ፍጥነትና ትርኢት የዚህ እንቅስቃሴ ዋና ቁም ነገር አይደሉም። የእንስሳትን አካሄድ በዝግታና በጨዋታ መልክ መምሰል ትልቁ ጥቅሙ ሰው የገዛ ሰውነቱን ከውስጥ እንዲያዳምጥ ማድረጉ ነው። ይህ ማዳመጥ በትምህርት ቤቶቻችንና በስፖርት ሜዳዎቻችን ከሚሰጠው ልምምድ ውስጥ ፈጽሞ የለም ለማለት ባይቻልም፣ ቦታው እጅግ ጠባብ ነው። እንስሳቱ ገና ከዓይናችን ሳይርቁ፣ የልጆች ጨዋታም ገና ሳይረሳ ሳለ ይህንን ክፍተት መሙላት የሚቻልበት ዕድል በእጃችን አለ።

ከውስጥ የሚሰማ ሰውነት

«ሶማቲክ» የሚባለው የልምምድ ዘርፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በተለይም ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ከቶማስ ሃና ጽሑፎች ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሰውነት በመስታወት ወይም በሐኪም ዓይን ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ከውስጥ ሲሰማው ግን ሌላ እውቀት ይሰጣል፤ ይህ ሁለተኛው እውቀትም ሊሠለጥን ይችላል። ከሃና በፊት በዚሁ መንገድ የሄደው ሞሼ ፌልደንክራይስ እ.ኤ.አ. በ1904 የተወለደ መሐንዲስና የጁዶ ባለሙያ ነበር። ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ የገዛ አካሄዱን እንደ ሙከራ ጉዳይ ይዞ ያጠና ጀመር፤ በኋላም ሰዎች ወለል ላይ ተኝተው ትንንሽና ዝግ ያሉ እንቅስቃሴዎችን እየደጋገሙ ልዩነቱን እንዲያስተውሉ የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረ። ብዙዎቹ ትምህርቶቹ ሕፃን ልጅ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ እንዴት እንደሚድህና እንዴት እንደሚነሳ ከመመልከት የመነጩ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚያርፍበት የሰውነት አሠራር በሚገባ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው የነርቭ ሳይንቲስት ቻርልስ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ስም ያወጣለት «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» የተባለ የስሜት ዘርፍ አለ። በጡንቻዎች ውስጥ መለጠጥን የሚለዩ፣ በጅማቶች ውስጥ ውጥረትን የሚመዝኑ፣ በመገጣጠሚያዎች ዙሪያም አቅጣጫን የሚናገሩ የነርቭ ጫፎች ለአእምሮ ያለማቋረጥ ወሬ ያደርሳሉ፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ሦስት ክብ ቦዮችና ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ደግሞ የጭንቅላትን መዞርና ማዘንበል ይመዘግባሉ። ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችንን አፍንጫችን ላይ ማሳረፍ የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሜት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንግሊዛዊው ኢያን ዋተርማን በሕይወቱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971፣ የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከደረሰበት ሕመም በኋላ ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የአቋም ስሜቱን አጣ። ጡንቻዎቹ አልሸነፉም ነበር፤ የት እንዳሉ ግን አያውቅም። ከዚያ በኋላ መቀመጥም፣ መቆምም፣ መራመድም የተማረው እጅና እግሩን በዓይኑ እየተከተለ ሲሆን፣ መብራት ድንገት ከጠፋ የሚወድቅ ሰው ሆኖ ኖረ። ጤነኞቹ ይህንን ስሜት አላጣነውም፤ ብዙዎቻችን ግን ወገባችን ካላመመን፣ ጉልበታችን ካልጮኸ በቀር አናስታውሰውም።

ከጦሳ የምትወርድ አህያ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳዋ ጥቂት ነው፤ ነዋሪዋ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ከተራራው ጥግ እንጨት ተጭና የምትወርድ አህያን ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው ስለ ቁልቁለት ብዙ ይማራል። እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ ጭንቅላቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ የኋላ እግሮቿን ከሆዷ ሥር ታስገባለች፤ አንዱ ሰኮና መርገጡ ሳይረጋገጥ ሌላውን አታነሳም። ድንጋዩ ከተንቀሳቀሰባት ክብደቷን ወዲያው ወደ ሌሎቹ ሦስት እግሮች ታዛውራለች። ከጎኗ የሚወርደው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን ገትሮ፣ ተረከዙን እየደቃ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ግጭቱን በጉልበቱና በወገቡ ይቀበላል።

ልምምዱ እዚህ ላይ ሊጀምር ይችላል። ሰውየው አህያ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም በዚያው ቁልቁለት ላይ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ጉልበቱን ለስለስ አድርጎ፣ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቅጽበት ለጥቂት ሜትር ቢያዳምጥ፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ቀድሞ ሸክሙን ሲቀበል ይሰማዋል።

እግርን ራሱን መመርመርም ያስደንቃል። ሰውና ድብ በሙሉ ውስጥ እግራቸው መሬት ይረግጣሉ፤ ውሻና ድመት በጣቶቻቸው ብቻ ይቆማሉ፤ በግና ላም በሁለት ጣት ጫፍ፣ ፈረስ ደግሞ በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ይሄዳሉ። በኮምቦልቻ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ የኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን ነገር በእርግጥ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ እውነተኛው ጉልበቱ ከላይ፣ ከሆዱ አጠገብ ይገኛል። ይህንን ያወቀ ሰው ተረከዙን ከመሬት አንሥቶ፣ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፣ በእግሩ ጣቶች ሥር ባለው ሥጋ ላይ ክብደቱን አሳርፎ ሲራመድ፣ ባቱና ጅማቱ እንደ ስፕሪንግ ሲሠሩ ያስተውላል። ፈረስ መሆኑ አይደለም፤ የራሱ እግር ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቁ ነው።

የእርምጃ ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። ፈረስ ሲራመድ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ ከዚያ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ እያለ ይረግጣል። በሶምሶማ ጊዜ ተሻጋሪ የሆኑት ሁለት እግሮች፣ ማለትም የፊት ቀኝና የኋላ ግራ፣ አብረው ይነሣሉ። በግልቢያ ላይ ደግሞ አራቱም እግሮች መሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተከታታይ ፎቶግራፎች እንዳረጋገጠው፣ ያ ቅጽበት እግሮቹ የተዘረጉበት ሳይሆን ከሆድ ሥር የተሰበሰቡበት ነው። ሰጋር በቅሎ ተሳፋሪዋን የማታንገላታው እግሮቿን አንድ በአንድ እያሳረፈች፣ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ሳትለቅ ስለምትሄድ ነው። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ የሚውለው ግመል ደግሞ በአንድ ጎኑ ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮቹን ከሞላ ጎደል አብሮ ስለሚያነሣ ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል።

አንድ ጎልማሳ ወለል ላይ በእጁና በጉልበቱ ሂድ ቢባል ብዙውን ጊዜ ሳያስብ በተሻጋሪ መንገድ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ ከግራ ጉልበት ጋር። እንደ ግመል ሂድ ሲባል፣ ማለትም ቀኝ እጅና ቀኝ ጉልበት አንድ ላይ ሲሆኑበት፣ ይደናገራል። ለአፍታ ይቆማል፣ የትኛው እጅ እንደቀደመ ይጠፋበታል፣ ይስቃል። የልምምዱ ፍሬ ያለው እዚያ መደናገር ውስጥ ነው። ለዓመታት በልማድ ይሠራ የነበረ እንቅስቃሴ ልማዱ ሲቋረጥ ወደ ንቃት ይመለሳል፤ ክብደቱ የት እንዳለ፣ ወገቡ ወዴት እንደዞረ፣ ትንፋሹን ይዞ እንደሆነ ሰውየው መጠየቅ ይጀምራል። ያንኑ አካሄድ እስኪለምደው ድረስ ቢደጋግመው ደግሞ ንቃቱ መልሶ ስለሚደበዝዝ፣ ጥሩ አሠልጣኝ እንስሳውን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጣል።

ማታ ማታ ከከተማው ዳር ድምፁ የሚሰማው ጅብ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ስለዚህ ጀርባው ከትከሻ ወደ ዳሌ ያዘቀዝቃል። የሰው ልጅ ግን እግሩ ከእጁ ስለሚረዝም፣ በእጅና በእግሩ ሲቆም ዳሌው ከትከሻው በላይ ይሆናል፤ የጅብ ተቃራኒ ማለት ነው። ጅብን መምሰል የፈለገ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ጉልበቱን በጣም ማጠፍ አለበት፤ ይህን ሲያደርግ የጭኑ ጡንቻ ይጮኻል፣ ደረቱ ይከፈታል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ከትከሻው ሥር ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ጥቂት እርምጃ ብቻ ተሂዶም ቢሆን የራስን ሰውነት ምጣኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክና በሌሎች የወሎ ደጋዎች የሚኖረው ጭላዳ ደግሞ ሣሩን በእጁ እየነጨ የሚበላው ተቀምጦ ነው፤ ከአንዱ የሣር ጥግ ወደ ሌላው የሚሻገረውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ፣ በእንፉቅቅ ነው። አንዳንድ ሕፃናትም ከመዳህ ይልቅ እንዲሁ ያደርጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባካሄደው ጥናት ሕፃናት በእጅና በጉልበት መዳህ የሚጀምሩት በአማካይ በ8 ወር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ 4.3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ሳይድሁ ወደ መራመድ አልፈዋል። ይህንን የማነሣው «ልጅነትህ ላይ ስላልዳህክ አእምሮህ ጎድሏል፤ ዛሬ መልሰህ ዳህ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ስላሉ ነው። እንደዚያ ዓይነቱ ተስፋ መሠረት የለውም፤ መዳህን ለአዋቂ ሰው ጠቃሚ የሚያደርገው ትከሻንና ዳሌን በአንድ ጊዜ ማነጋገሩ ነው።

የእስክስታ ትከሻ

ድመት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ማለፍ የምትችለው ከደረት ወደ ትከሻ የሚዘረጋው ቀጭን አጥንቷ ከሌሎች አጥንቶች ጋር ስላልተቆራኘ ነው። ፈረስ ይህ አጥንት ጭራሹን የለውም፤ የፊት እግሮቹ ከግንዱ ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የድመት የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ስትራመድ ከጀርባዋ በላይ ከፍ ዝቅ ሲሉ ይታያሉ። የሰው ትከሻ በአጥንት የተያዘ ቢሆንም ጠፍጣፋው አጥንት የጎድን አጥንቶቻችን ላይ ይንሸራተታል፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ግን ይህንን መንሸራተት ቀስ በቀስ ይረሳዋል።

እዚህ ላይ የወሎ ሰው ከሌላው ዓለም የተለየ ስንቅ አለው። በእስክስታ የተካነ ሰው ትከሻውን ከአንገቱ፣ አንገቱን ከደረቱ ለይቶ ማዘዝ ይችላል፤ ወገቡ ጸጥ ብሎ ሳለ ትከሻው ወደ ፊት ይሰነዘራል፣ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገትም ይቆማል። ትንፋሹ ከምቱ ጋር ይሄዳል። ሌላው አገር በልዩ ሥልጠና ሊያገኘው የሚጥረውን ይህንን የትከሻ እውቀት እዚህ ልጆች በሠርግ ቤት ሲያዩ አድገው ይወርሱታል። እስክስታ የሚያውቅ ወጣት በእጁና በጉልበቱ ሆኖ ክርኑን ሳያጥፍ ደረቱን በትከሻዎቹ መካከል ዝቅ ከፍ ቢያደርግ፣ የድመትን አካሄድ ለመረዳት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ማንም ሳይነግረው ጠፍጣፋ አጥንቶቹ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ይሰማዋል። ስለዚህ ይህ ልምምድ በደሴ ቢጀመር ከውጭ በመጣ ቪዲዮ ሳይሆን ከጭፈራው ቢነሣ እመርጣለሁ። የባህል ተወዛዋዦቻችን ለመድረክ ብቻ የሚፈለጉ ባለሙያዎች መሆናቸው ቢቀር፣ ስለ ሰውነት ሊያስተምሩን የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

ስለ መንጠራራትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ድመትም ውሻም ከእንቅልፍ ሲነሡ አስቀድመው ይንጠራራሉ፤ ጡንቻቸውን በፈቃዳቸው አጥብቀው ቀስ ብለው ይለቁታል። ሃና ይህንን ድርጊት የዘዴው ማዕከል አድርጎት ነበር፤ ጡንቻን ከውጭ ከመጎተት ይልቅ ራሱ ተኮማትሮ በዝግታ እንዲላቀቅ ማድረግ። ሰው ፊት መንጠራራት ነውር ነው እየተባልን ስላደግን በቢሮና በክፍል ውስጥ እንውጠዋለን። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በከተማዋ የልብስ ስፌት ቤቶች ውስጥ በማሽን ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሠራተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወንበሩን ለቆ እንደ ድመት ጀርባውን ቀስ ብሎ ለማጉበጥና ለመዘርጋት የሚሰጥ ጥቂት ደቂቃ ወጪ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር 619 ሚሊዮን ነበር፤ ድርጅቱ በ2023 ባወጣው መመሪያም ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የተደራጀ የአካል እንቅስቃሴን ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል።

ለምን ጨዋታ?

ከ1,800 ዓመት በፊት የኖረው ቻይናዊው ሐኪም ኹዋ ቱዎ ለደቀ መዝሙሩ ያስተማረው ልምምድ «የአምስቱ እንስሳት ጨዋታ» ይባላል፤ እንስሳቱም ነብር፣ አጋዘን፣ ድብ፣ ጦጣና ወፍ ናቸው። ሰውነትህ ደስ ካላለው ተነሥና ከአምስቱ የአንዱን ጨዋታ እስኪያልብህ ተጫወት የሚል ምክሩ በቻይና የታሪክ መዛግብት ውስጥ ተጽፏል። ሐኪሙ ጨዋታ ማለቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ማርክ ቤኮፍ ውሾችን ሲያጠና እንዳሳየው፣ ውሻ ደረቱን መሬት አስነክቶ ኋላውን ከፍ ሲያደርግ «ቀጥሎ የማደርገው ጨዋታ ነው» ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንክሻው ጠብ አይሆንም፣ መውደቁም ሽንፈት አይሆንም። በጨዋታ ውስጥ ስህተት ቅጣት የለውም፤ ስለዚህም ሰውነት ያልሞከረውን ለመሞከር ይደፍራል።

ልጆቻችን ይህንን ያውቁታል። «አኩኩሉ» ብሎ እንደ አውራ ዶሮ የሚጮኸው ፈላጊና «አልነጋም» እያለ የሚሸሸገው ተደባቂ፣ በአባሮሽ ጊዜ ድንገት የሚታጠፈው ልጅ፣ ዱላ በእግሩ መካከል አስገብቶ በሶምሶማ የሚጋልበው ሕፃን ሁሉ እንስሳ ሆነው አይደለም የሚጫወቱት፤ እንስሳውን ተውሰው የራሳቸውን ጉልበት ይለካሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰበሰበው የዓለም መረጃ ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት መካከል 81 በመቶው ይህንን እንደማያሟሉ አሳይቷል። በየሰፈሩ ልጆች ይሯሯጡበት የነበረው ባዶ ቦታ በግንባታ ሲሞላ፣ ባጃጁም ጠባቡን መንገድ ሲይዘው፣ ይህ ቁጥር የእኛም ልጆች ጉዳይ ይሆናል።

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚመራው በፊሽካና በቁጥር ነው። ስንት ዝላይ፣ ስንት ፑሽአፕ፣ ማን ቀደመ። መምህራኑን አልወቅስም፤ አንድ መምህር ብዙ ተማሪ በአንድ ሜዳ ላይ ይዞ የእያንዳንዱን ልጅ ስሜት ሊከታተል አይችልም። ቢሆንም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል፤ ይህ ክፍለ ጊዜ ከሰውነት ማጎልመሻው ጋር እጅ ለእጅ ቢያያዝ የእንስሳ ጨዋታ በቀላሉ ቦታ ያገኛል። ልጆቹ መጀመሪያ ወጥተው አንድ እንስሳ ይመለከታሉ፤ በጉን፣ ውሻውን፣ አጥር ላይ ያለውን ቁራ። ከዚያ ጭንቅላቱን ወይስ እግሩን አስቀድሞ እንደሚያንቀሳቅስ ይናገራሉ፤ ከዚያ ይሞክራሉ፤ በመጨረሻም ከገዛ ሰውነታቸው የትኛው ክፍል እንደደከመ፣ የትኛው እንደቀለለ ይገልጻሉ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከተዘለለ ልምምዱ መሳቂያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ተገቢ ጥርጣሬዎች

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 የሌሊት ወፍ መሆን ለሌሊት ወፏ ራሷ ምን እንደሚመስል ከውጭ ሆነን ልናውቅ እንደማንችል ተከራክሯል። ክርክሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ልምምድም ልጓም ይሆነዋል። ጅብን የመሰለ ሰው የጅብን ውስጥ አላወቀም፤ የሰው ሰውነት በጅብ ቅርጽ ሲያዝ ምን እንደሚሰማው ነው ያወቀው። «የእንስሳውን መንፈስ ትይዛላችሁ» እያሉ የሚሰብኩ አሠልጣኞች ይህንን ድንበር ስለሚጥሱ፣ ታላላቆች ሲሰጉ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም።

የሃይማኖትም ጥያቄ አለ፤ ደሴ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ያሉባት ከተማ ናትና በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በሶላት ውስጥ እንደ ቁራ መንቆር፣ እንደ አውሬም ክንድን መሬት ላይ መዘርጋት የተከለከለ መሆኑን ኡስታዞች ያስተምራሉ። በቤተ ክርስቲያንም ስግደት የራሱ ክብርና ሥርዓት አለው። ስለዚህ የእንስሳ ጨዋታ ከአምልኮ አቋሞች ጋር ፈጽሞ መደባለቅ የለበትም፤ የጨዋታው ቦታ ሜዳና አዳራሽ ነው። ሴቶች ያለ ሐፍረት እንዲሳተፉም የራሳቸው ሰዓትና የተከለለ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

ስለ ጥቅሙ ማስረጃም መጠንቀቅ ያሻል። የፌልደንክራይስን ዘዴ በሚመለከቱ ጥናቶች፣ በተለይ በአረጋውያን ሚዛን ላይ፣ ተስፋ ሰጪ ውጤቶች ታይተዋል፤ ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው ትንንሽና ደካማ አሠራር ያላቸው ናቸው። ልምምዱ መድኃኒት አይደለም፤ ከሐኪም አያስቀርም። የእጅ አንጓ ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው በክርኑ ላይ ወይም በጎኑ ተኝቶ ቢጀምር ይሻላል፤ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ የዓይን ግፊት ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች ከሚያዘቀዝቁ አቋሞች መራቅ አለባቸው። ሕመም ሲመጣ ማቆም የደካማነት ምልክት አይደለም፤ ማዳመጥ የሚባለው እሱ ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይ በተለይ እዚህ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በአሠልጣኙ ፊት የሚቆመው ሰው በዚያ ወቅት ያየውን ማንም አያውቅም። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በሆዳችሁ ተኙ» የሚለው ተራ የሶማቲክ ትእዛዝ ተኩስ ሲሸሽ መሬት ላይ ለተኛ ሰው ተራ አይደለም። ዓይን ክፍት ሆኖ መሥራት፣ በር ያለበትን አቅጣጫ ማየት፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ አለመንካት፣ «አልፈልግም» ያለውን አለመጠየቅ ገና ከመነሻው ሕግ መሆን አለባቸው። የሚታደኑና የሚያድኑ እንስሳትን የሚያጫውት መምህርም ልጆቹ ሳቃቸውን ያቆሙበትን ቅጽበት መከታተል ይኖርበታል።

የቀረው የቦታ ነገር ነው። ለዚህ ልምምድ መሣሪያ አይገዛም፤ የሚያስፈልገው ሰው ሊተኛበት፣ ሊንበረከክበትና ሊንከባለልበት የሚችል መሬት ነው። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች በንጣፍ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ለመራመድ ያማሩ ቢሆኑም ለመዳፍና ለጉልበት አይመቹም። በየአረንጓዴው ቦታ ደግሞ ሣሩ ለዓይን ብቻ ተተክሎ ዙሪያው ይታጠራል። የደሴ ክረምት ብርዱና ጭቃው ከባድ ስለሆነ ለእነዚያ ወራት በቀን ለጥቂት ሰዓት የሚከፈት፣ ወለሉ ምንጣፍ ያለው አዳራሽ ያስፈልጋል፤ ለበጋው ግን በየቀበሌው አንድ መጠነኛ የሣር ሜዳ፣ አጥር የሌለው፣ ልጆችም አረጋውያንም በእጃቸውና በጉልበታቸው ሊሄዱበት የሚፈቀድ ሜዳ ይበቃል። ከተማዎቹ አሁን ፕላናቸውን እየከለሱ፣ መንገዶቻቸውን እያፈረሱና እየሠሩ ባሉበት ወቅት ይህንን ቦታ በካርታው ላይ ማስገባት ንጣፉ ካለቀ በኋላ መልሶ ከመቆፈር ይቀላል።